ሁለት ጣት ለስፌት

መስከረም 28

ለምስማሬ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ስላዘገየሁት ይቅር በለኝ፤ ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ። ጤናዬን ሦስት ቦታ ላይ ስለጠየቅህ ግን መጀመሪያ እሱን ልመልስ። ደህና ነኝ። ዓይኔም ደህና ነው። ስፌት ያቆምኩት ታምሜ ሳይሆን ሰልችቶኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ ኖርኩ፤ ወገቡ በሰፋ ቁጥር ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አንዷ ደንበኛዬ ያንኑ ቀሚስ ለአራተኛ ጊዜ ይዛ መጥታ ጠበበኝ ስትለኝ፣ የስፌት መኪናዬን ከደንኩና እንግዲህ በቃኝ አልኳት። እሷ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ዋናውን ነገር ልንገርህ። የስፌት ክፍሉን የመመገቢያ ክፍል ላደርገው ነው።

አትሳቅ። ክፍሉን ታውቀዋለህ፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ምሳህንም እራትህንም የበላኸው እዚያ ነው። ጨርቁን በክንዴ ገፋ አድርጌ በመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ሳህንህን ሳስቀምጥልህ ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን ሾርባህ ውስጥ ስፒል አግኝተህ፣ "እትዬ፣ የዛሬው ሥጋ አጥንት አለው" ያልከኝንም አልረሳሁም። ያን ጊዜ ሳቅሁ እንጂ አንጀቴን ነበር የበላኸው። ሕፃን ልጅ ስፒል ከሌለበት ጠረጴዛ ላይ መብላት ነበረበት።

ባለፈው ሳምንት እኔና ልጄ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ላስቲክ አነሳን። ጉድ ነው የምልህ። ማግኔት በክር አስረን በወለሉ ስንጥቅ ላይ ጎተትነውና ከሥሩ የወጣው ስፒል አንድ የማር ጠርሙስ ሞላ። አዝራሩን ልጄ ቆጥራ መቶ አሥራ ስድስት አለችኝ። አንዱ የአንተ የትምህርት ቤት ሸሚዝ አዝራር ነው፤ ፖስታው ውስጥ ከትቼልሃለሁ።

አሁን ልመናዬ። ጠረጴዛና አራት ወንበር ሥራልኝ። ክፍሉ ጠባብና ረዘም ያለ መሆኑን ታውቃለህ። የጠረጴዛው ራስ በመስኮቱ ሥር ባሉት ሁለት ምሰሶዎች መካከል ገብቶ መቀመጥ አለበት፤ እዚያ ካልገባ በሩ አይዘጋም። ልኩን በሌላ ወረቀት ጽፌልሃለሁ። ከወንበሮቹ አንዱ የእጅ ማሳረፊያ ይኑረው፤ መቀመጫውም ከፍ ይበል፣ ከወለል ሃምሳ ሴንቲ። አራተኛው ወንበር የአንተ ነው። ከዚህ ከተማ ከወጣህ አሥራ አንድ ዓመት አለፈህ፤ ዕቃ ትልክልኛለህ፣ አንተ ግን አትመጣም። ባለፈው የላክኸው የሳህን መደርደሪያ ቆንጆ ነው፣ እጅህ ይባረክ። ግን መደርደሪያ ሲያወሩት አይመልስም።

እትዬህ


ጥቅምት 14

ለእትዬ፣

አዝራሩን ሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። በስልክ ለምን አትደውልም እያልሽ ሁልጊዜ ለምትጠይቂኝ፣ በስልክ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔ ደግሞ ዝም እላለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም ምንም ሳንባባል እንዘጋለን። በደብዳቤ ይሻለናል።

ጠረጴዛውን እሠራለሁ፤ ሳልለመንም እሠራው ነበር። በዚህ ዓለም ላይ ዳቦ የምበላው በአንቺ ምክንያት ነው። ይህን በየደብዳቤው ስጽፍልሽ እንደሚሰለችሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ከቤት በወጣሁበት ጠዋት ከአባታችን ወርክሾፕ ሰርቀሽ በቦርሳዬ ያስገባሽልኝን መላጊያ ዛሬም ስዬ ነው ሥራ የጀመርኩት። እዚህ ስመጣ ማንም አያውቀኝም ነበር። አሠሪው "ምን ትችላለህ?" ሲለኝ መላጊያዋን አውጥቼ አንድ ሳንቃ ላግኩለት። በቃ፣ ነገ ሥራ ግባ አለኝ። አሁን የራሴን ወርክሾፕ ከፍቼ ሦስት የእንጨት መላጊያ መኪና ቢኖረኝም የመጨረሻውን ጠርዝ የምላገው በእሷ ነው። እመሰግንሻለሁ፣ እትዬ። ብትያዢ ኖሮ ምን ይደርስብሽ እንደነበር አውቃለሁ።

አንድ ሌላ ምስጋናም አለኝ። በደብዳቤሽ ግርጌ ላይ ሁልጊዜ ስለ አባታችን ሁለት መስመር ትጨምሪ ነበር፤ ተይኝ ብዬሽ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ስለተውሽልኝ ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ አለኝ። በምሰሶዎቹ መካከል ያለውን የለካሽው ከታች ነው ከላይ? አሮጌ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ዘጠና አንድ ሴንቲ ብለሻል፤ እኔ እንደማስታውሰው ከሆነ ከዚያ ይጠብ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ራሴም ትንሽ ነበርኩ። ሌላው፣ ሁለት ሴቶች ብቻ በምትኖሩበት ቤት ባለክንዱ ወንበር ለማን ነው?

ምስማር


ጥቅምት 27

ለምስማሬ፣

ሠላሳ ዓመት የለካሁ ሴት እኮ ነኝ። ከላይም ለካሁ፣ ከታችም ለካሁ፣ መሃሉንም ለካሁ፤ ልጄ ሜትሩን ይዛልኛለች። ዘጠና አንድ ነው። የእኔ ልክ ጠቦ አያውቅም። ቀሚሷ የጠበባት ሴትዮ ራሷ ወፍራ ነው።

ባለክንዱ ወንበር ለእንግዳ ነው። እንግዳ ቢመጣ ምን አስቀምጠዋለሁ?

የቀለሙ ሥራ አለቀ ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ግን ቀለም ቀቢያችንን አታውቀውም። መቼ ትጨርሳለህ ሲሉት "ይደርሳል" ነው መልሱ፤ ሰፈሩ በሙሉ "አቶ ይደርሳል" ይለዋል። የሁለት ቀኑ ሥራ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ልጄ የመረጠችው ቀለም ቆርቆሮው ላይ ሲታይ እንደ ቅቤ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ሲውል ወተት የበዛበት ሻይ ሆነ። መጀመሪያ ከፋኝ። አሁን ግን ጠዋት ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ክፍሉ የሞቀ ይመስላል፤ ወድጄዋለሁ። መጋረጃውን ከድሮ ቁርጥራጮቼ እየገጣጠምኩ ሰፋሁት። ስፌት አቁሜያለሁ ያልኩህ እውነት ነው፤ ይህ ስፌት ሳይሆን ዕዳ ማውረድ ነው፤ ያ ሁሉ ቁርጥራጭ ስንት ዓመት ሳጥን ውስጥ ታፍኖ ኖሯል። መብራቱን አቶ ይደርሳል በጣም ዝቅ አድርጎ ሰቀለው፤ እኔ የመብራቱ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ይውደቅ ብዬው ነበር። እስካሁን ሦስት ጊዜ ግንባሩን መታው። ጠረጴዛው ሲመጣ ማንም ከሥሩ ስለማያልፍ እንዲሁ ይቆይ አልኩት።

ስለ መላጊያዋ ደግሞ አታመስግነኝ፤ በእውነት በቃ። እያንዳንዱ ደብዳቤህ ላይ ሳየው ጥሩ ስሜት አይሰማኝም። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

የወንበሩን ከፍታ እንዳትረሳ። ሃምሳ ሴንቲ። ክንዶቹም ሰፋ ያሉና ጠንካራ ይሁኑ፤ ሰው በሙሉ ክብደቱ ቢደገፍባቸው እንዳይላሉ።

እትዬህ


ኅዳር 22

ለእትዬ፣

አጭር ነው፤ ጫኚው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ እንጨቱ እስኪደርቅ ጠብቄ ነው። የጠረጴዛው ፊት ከእግሮቹ በሁለቱም በኩል አንድ ጋት ያህል ይወጣል፣ ጉልበት እንዳይመታ። ለሳምንት ያህል እርጥብ ጨርቅ አታስነኪው። ወንበሮቹን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልያለሁ። ባለክንዱን ለብቻው ነው የጠቀለልኩት፤ እሱን ሲያወርዱ አንቺ ቁሚላቸው።

ለማን እንደሆነ ደግሜ አልጠይቅሽም።

ምስማር


ታኅሣሥ 3

ለምስማሬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ጠረጴዛው ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ ይገባል ብዬ አልሜም አላውቅም። ልጄ እጇን ፊቱ ላይ ስታንሸራትት ዋለች። ክፉ አይንካህ፣ ወንድሜ፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ግን አልገባም። በምሰሶዎቹ መካከል አልገባ አለ። ጫኚዎቹ ገፉት፣ አጋደሙት፣ እንደገና ገፉት፤ አራት ጣት ይበልጣል። በሩ አይዘጋም፤ ወንበር ማስገቢያም የለም። አሁን ኮሪደሩ ውስጥ በጎኑ ቆሟል፤ እኔና ልጄ ወደ ማድ ቤት የምንሄደው ሆዳችንን ወደ ውስጥ ስበን ነው። በድጋሚ ለካሁ። ምሰሶው አልተንቀሳቀሰም፣ ሜትሩም ያው ሜትር ነው። ምን እንደሠራሁ አላውቅም።

አሁን ከጠረጴዛው የሚብሰውን ልንገርህ። ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ አባባ ከእኛ ጋር ናቸው።

ወርክሾፑ ተዘግቷል። ዕቃው በሙሉ ተበትኗል፤ መጋዝ እንኳን አላስቀሩም። ጉልበታቸው ከዳቸው። እጃቸው ደህና ነው፣ አእምሯቸውም ምላሳቸውም ደህና ነው፤ ግን ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ሰው ሳይደግፋቸው መነሳት አይችሉም። ሰው ደግሞ እንዲደግፋቸው አይፈልጉም። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የሚበሉት። አራት ወር ሙሉ እንዲህ። ልጄ ገብታ አብራቸው ልትበላ ስትል "ሂጂ፣ ይበርድብሻል" ይሏታል። ይህን ሁሉ ክፍል ያፈረስኩት፣ ቀለም ያስቀባሁት፣ አንተን ያስቸገርኩት እሳቸውን ከዚያ ግድግዳ ፊት ለማንሳት ነው። ብነግርህ እንቢ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። ዋሸሁህ።

ወንበሩን ስናወጣው በዱላቸው እየተደገፉ ኮሪደር ድረስ መጡ። ዙሪያውን አዩት። ከዚያ ማንንም ሳይጠሩ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ሁለቱን ክንዶች ያዙና ራሳቸው ተነሱ። መልሰው ተቀመጡ። እንደገና ተነሱ። ወደ ማድ ቤት ገብቼ ውሃ ከፈትኩ፤ ለቅሶዬ እንዳይሰማ ነው። ከሰዓቱን በሙሉ እዚያው ኮሪደር ውስጥ በጠረጴዛው ጎን ተቀምጠው ዋሉ። በአውራ ጣታቸው የማጋጠሚያውን መስመር ሲከተሉት አየሁ። ማን ሠራው ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ተቆጣኝ፤ ይገባኛል። ወንበሩን ብቻ መልሺ እንዳትለኝ።

እትዬህ


ታኅሣሥ 13

ለእትዬ፣

አልተቆጣሁም። ከደብዳቤዎችሽ ቀድሜ አውቄው ነበር። ከፍታው ሃምሳ ሴንቲ፣ ሰው በሙሉ ክብደቱ የሚደገፍበት ክንድ። ከመደገፍ ይልቅ ቆሞ መዋልን የሚመርጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። በደብዳቤሽ ግርጌ የነበሩት ሁለት መስመሮች ሲቀሩም ገባኝ። ሰው በቤቱ ስላለው ሰው ወሬ አይጽፍም፤ ያፈተልክበታል ብሎ ይፈራል።

ወንበሩን ስታዪው የቀኙ ክንድ ከግራው አንድ ጣት እንደሚረዝም አላስተዋልሽም መሰለኝ። ሲነሱ ቀኝ እጃቸውን ያስቀድማሉ። ልጅ ሆኜ ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው ሥር ተቀምጬ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ።

ለዚህ አመስግኚኝ አልልም። ጉልበታቸውን አልተቀየምኩትም። የተቀየምኩት ያን ቀን ያሉትን ነው፤ አንቺ እዚያ ስላልነበርሽ ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። የመጀመሪያ ወንበሬን ለብቻዬ ሠርቼ ጨርሼ ነበር። አንድ ደንበኛ ወደደው፣ ሊወስደው ነው። እሳቸው መጡና ገለበጡት፤ ማጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ወጋ ወጋ አደረጉና፣ ደንበኛው እየሰማ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ይህን ገዝቶ ከሚቀመጥበት፣ ሰው ቆሞ ቢበላ ይሻለዋል" አሉ። ሁሉም ሳቀ። ደንበኛው ራሱ ሳቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በማግስቱ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ወንበር በሠራሁ ቁጥር ከመሸጤ በፊት እገለብጠዋለሁ፤ በአውራ ጣቴ እወጋዋለሁ። ይህንንም ከእሳቸው ነው የተማርኩት፤ ያናድደኛል።

ጠረጴዛውን በተመለከተ፣ ከሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት ማስቆረጥ ነው፤ ከእግሮቹ ወጣ ስለሚል አይጎዳም። የሰፈር አናጢ ጥሪና ይቁረጥልሽ። ልኩ እንዴት እንደተሳሳተ ግን አልገባኝም፤ እኔ የጻፍሽውን ነው የሠራሁት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ እሳቸው እንዳይነኩት። ወንበሩ የእሳቸው ነው፣ ይቀመጡበት። ጠረጴዛው ግን የእኔ ሥራ ነው። ሥራዬ ላይ እጃቸው እንዲያርፍ አልፈልግም።

ያው እንደ ሁልጊዜው፣ ስለ መላጊያዋ እግዜር ይስጥልኝ። በቃ ብትይኝም።

ምስማር


ታኅሣሥ 26

ለምስማሬ፣

አደራህ የደረሰኝ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ቁጭ በልና አንብበው፤ ረጅም ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ጠዋት አባባ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጠው ጠሩኝ። "ልኩን የጻፍሽበትን ወረቀት አምጪ" አሉኝ። ለአንተ የላክሁት ልክ ግልባጩ ደብተሬ ውስጥ ነበር፤ አመጣሁላቸው። ልጄን ምሰሶዎቹን እንድትለካ ላኳት። ሰማንያ አራት ብላ ተመለሰች። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። እዚህ ቤት ከገቡ ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ልጄ ያመማቸው መስሏት ሮጣ መጣች።

"ይህ የጠረጴዛ ልክ አይደለም" አሉ። "የቀሚስ ልክ ነው። በዚህ በኩል ሁለት ጣት ለስፌት፣ በዚያ በኩል ሁለት ጣት ለስፌት። ከምን ጋር ልትሰፊው ነበር?"

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። እውነት ነው፣ ምስማሬ። እጄ ነው የጻፈው፤ እኔ አላሰብኩትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የለካሁትን ስጽፍ ለስፌት የሚሆነውን ጨምሬ ነው የምጽፈው፤ ሳልጨምር መጻፍ እንዴት እንደሆነ እንኳን ረስቻለሁ። እኔን አምነህ ስለሠራህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን ስትስቅብኝ ስሙን እኔው ራሴ አወጣልሃለሁ፤ በቀሚስ ልክ የተቀደደ ጠረጴዛ በለው።

ከዚያ አባባ መጋዝ ፈልጊ አሉኝ። አናጢ ልጥራ ብላቸው፣ "እኔ ምንድን ነኝ?" አሉ። አቶ ይደርሳል መጋዝ ነበረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ደረሰ። ጠረጴዛውን አጋድመን እሱና ልጄ ያዙላቸው። አባባ አንተ የሠራኸው ባለክንድ ወንበር ላይ ሆነው፣ በጠመኔዬ አሰመሩና ቆረጡ። ሁለት ጊዜ አረፉ። ቀኝ እጃቸውን በረዥሙ ክንድ ላይ እየጣሉ ነበር የሚነሱት። አዎ፣ አሁን አስተዋልኩት። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ያስተዋሉት ይመስለኛል። የተቆረጡትን ሁለት ቁራጮች ከአልጋቸው ሥር አስቀምጠዋቸዋል፤ ለማንም አይሰጡም።

ጠረጴዛው ቦታው ላይ ልክ ብሎ ገባ። መስኮቱ ሥር፣ መብራቱ መሃሉ ላይ፣ መጋረጃው ግራና ቀኝ። ከመደርደሪያህ ላይ ሳህን አውርጄ አራት ቦታ አቀረብኩ። አባባ ወጥተው ተቀመጡ። ሾርባ ነበር ያቀረብኩት። ጨረሱ፤ ደገሙ። ልጄ ስታወራ ነበር፣ ምን እንዳለች አላስታውስም፤ እኔ የማየው እሳቸውን ብቻ ነበር። ሲጨርሱ ማንኪያቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦

"ለወንድምሽ ጻፊለት። ተቀምጬ በላሁ በይው።"

ያን ጊዜ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ደብዳቤህ ሲመጣ ነው የገባኝ። ብቻዬን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንብቤው አለቀስኩ።

የቀረ ነገር አለ። ሁለቱ የተቆረጡ ጠርዞች አልተላጉም። እንዳሉ ሸካራ ናቸው፤ የልጄን ሹራብ ክር ይመዛሉ፣ እኔም ያንን እያየሁ ዝም ማለት ያሳክከኛል። ከአቶ ይደርሳል መላጊያ ልዋስ አልኩ፣ አባባ እንቢ አሉ። ልጄ የብርጭቆ ወረቀት ገዝታ መጣች፣ ከእጇ ወሰዱት። በጠረጴዛ ልብስ ልሸፍነው ብል ተቆጡኝ። "ይህ ጠርዝ የሚላገው በአንዲቷ መላጊያ ነው" አሉ፤ "እሷ ደግሞ ከባለቤቷ ጋር ናት።"

አሁን ልነግርህ ነው። መላጊያዋን እኔ አልሰረቅኩም። በሄድክበት ጠዋት ገና ልብስህን ሳጥፍ አባባ በጓሮ በር መጡ። በጋዜጣ የጠቀለሉትን ነገር ሰጡኝና "ቦርሳው ውስጥ ክተቺው፤ ካንቺ ነው በይው። ከእኔ ነው ካልሽው ይጥላታል" አሉኝ። ከዚያ ሄዱ። እኔም እንዳሉኝ አደረግሁ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የዋሸሁት ለአንተ ብዬ ነው፤ እንዳትጥላት። በኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ለራሴ ብዬ ነው። በየደብዳቤህ ስታመሰግነኝ ደስ ይለኝ ነበር። ማንም እንዲህ አመስግኖኝ አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ምስጋና ለባለቤቱ ሳላደርስ በላሁ። ይቅር በለኝ።

ብትጽፍልኝም ባትጽፍልኝም አልፈርድብህም። አራተኛው ሳህን ግን በየቀኑ ይቀርባል። አባባ ናቸው እንዲቀርብ ያዘዙት።

እትዬህ


ጥር 7

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬው ተቀምጬ ጨረስኩት። ከዚያ መላጊያዋን ፊቴ አስቀምጬ ብዙ አየኋት።

እጀታዋ ቀጭን ነው። ሁልጊዜ ከመያዝ ብዛት ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ገልብጬ ሳየው ያለቀ ሳይሆን የተላገ ነው፤ በሁለቱም ጎን እኩል፣ በመሮ ተስተካክሎ። የእሳቸው መዳፍ ሰፊ ነው፤ የእኔ ነው ትንሹ። አስቢው፣ ከደንበኛው ፊት ያን ከተናገሩ በኋላ ቁጭ ብለው ለእጄ ልክ አስተካክለውልኛል። አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ስይዘው አላየሁትም። ልክ በማወቅ የምኩራራ ሰው ነበርኩ፤ ባንቺ ሁለት ጣት ልስቅ አልችልም።

ስላመሰገንኩሽ ይቅርታ አትጠይቂኝ። ከዚያ ምስጋና ውስጥ ያንቺ ድርሻ አለበት፦ ሾርባው፣ የታጠፈው ልብስ፣ ስፒሉም ሳይቀር። የያዝሽውን ያዢው። የእሳቸውን ግን በደብዳቤ እንዳታነቢላቸው፤ ስደርስ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ዝም ብዬ እላግ ይሆናል፤ እሳቸውም ስህተት ያወጡልኛል፤ ከዚያ ይቀለናል።

አደራ ያልኩሽን አንስቻለሁ። እሳቸው ስለቆረጡት ደስ ብሎኛል። ጠርዙን ማንም እንዳይነካው፣ የብርጭቆ ወረቀትም እንዳይጠጋው። ለልጅሽ እስከዚያ እጅጌዋን ትሰብስብ በያት።

የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እነሳለሁ። መላጊያዋን ስያታለሁ፣ በጋዜጣ ጠቅልያታለሁ።

ምሳ በስንት ሰዓት ነው የምትበሉት? እንዳላረፍድ።

ምስማር